ኤም ጂ ቢን በቤት ማደስ፦ የትኛው ዕቃ ይታደስ፣ የትኛው ይለወጥ?

ሃምሳ ዓመት የሠራ ካርቡሬተር ገና ከካርቶኑ ከወጣ ዌበር (የሌላ ፋብሪካ ካርቡሬተር) ጋር ቢወዳደር መሸነፉ አይቀርም። ውድድሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። መወዳደር ያለበት የታደሰው አሮጌ ከአዲሱ ጋር ነው። ኤም ጂ ቢ በተባለችው የእንግሊዝ አሮጌ ስፖርት መኪና ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ያለቀ ዕቃ "ዲዛይኑ ድሮም ደካማ ነበር" ተብሎ ይፈረድበትና ሌላ ይገዛል፣ እውነተኛው ብልሽት ግን አዲሱ ዕቃ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን ክፍል ስናወዳድር መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የፋብሪካው ዕቃ ጤነኛ ሲሆን ምን ይሰጣል?

መኪናዋ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በአቢንግደን የተመረተች፣ ባለ 1798 ሲሲ ሞተር ናት። በነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ስለተቀያየረባት ዕቃ ከማዘዝ በፊት የሞተሩን ቁጥር ማየት ግድ ነው። እስከ 1964 ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በሦስት ዋና ኩሽኔታ ላይ ይዞር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአምስት ሆነ። እስከ 1967 ከማሳ (ከመኪናዋ አካል) ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኔጌቲቩ ሆነ፣ ዲናሞውም በአልተርኔተር ተተካ። ብሎንና ዳዶው በኢንች ነው። የ1/2 ኢንች ዳዶ 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ የ13 ቁልፍ የገባለት ይመስላል፤ የጠበቀ ዳዶ ሲያጋጥም ግን ጠርዙን ይበላዋል። 7/16፣ 1/2 እና 9/16 ቁልፎች ከምንም ዕቃ በፊት ይገዙ።

ከመምረጥ በፊት የሚለካው

"መኪናዋ ጉልበት የላትም" የሚል ቅሬታ ካርቡሬተርንም፣ ኢግኒሽንንም፣ የሞተሩን ውስጥም ሊያመለክት ይችላል። ቅደም ተከተሉ የማይቀያየር ነው፦ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ከዚያ ኢግኒሽን፣ መጨረሻ ካርቡሬተር። ይህን ገልብጦ ከካርቡሬተር የጀመረ ሰው የኢግኒሽን ጥፋትን በቤንዚን ሲያስተካክል ይውላል።

የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በ0.38 ሚሊሜትር ነው። ስምንቱን ቫልቮች ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ቆጥረው በዘጠኝ ድምር ይሥሩ፤ ቁጥር 8 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቁጥር 1ን ያስተካክላሉ፣ 6 ሲከፈት 3ን፣ እያለ ይቀጥላል። ዕድሜ ልኩን ሲጫን የኖረ የሮከር (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ጫፍ መሃሉ ስለሚጎደጉድ ስሱ የክፍተት መለኪያ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፍና የተለካው ትክክል ይመስላል፤ የቫልቩ ድምፅ ግን አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ሮከሩ ይለወጣል እንጂ ክፍተቱ አይጠብም።

ለኮምፕሬሽን ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ። በጤነኛ ሞተር ላይ ንባቡ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ140 እስከ 170 ፒኤስአይ አካባቢ ይሆናል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ አለመብለጡ ነው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቱ አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ አይገጥምም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን በመካከላቸው ተቃጥሏል። እዚህ ደረጃ ላይ ብልሽት ከተገኘ ስለ ዌበር የሚደረገው ወሬ ለጊዜው ይቁም።

ላሜራ፦ ማስታገሻው፣ ጥገናው ወይስ አዲስ አካል?

ኤም ጂ ቢ ለብቻው የሚነሳ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ክብደቷን የሚሸከመው ከበሩ ሥር ያለው የጎን ሳጥን ሲሆን፣ የውጭው ላሜራ፣ መሃል ያለው ግድግዳ፣ የውስጡ ላሜራና ከወለሉ ሥር ያለው ቀጭን ረጅም ሳጥን አንድ ላይ ተበይደው ይሠሩታል። ጣሪያ በሌለው ሞዴል ላይ ይህ ሳጥን ሲበሰብስ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትታጠፋለች፤ በሩ ሲዘጋ የላይኛው ጠርዝ እየጠበበ፣ ታችኛው እየሰፋ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በዝገቱ ላይ አዲስ የውጭ ላሜራ መደረብ ነው። ይህን አማራጭ የምንጠቅሰው እንዳይደረግ ለማለት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዝገት እርጥበት ይይዛል፣ ጥንካሬም አይጨምርም፣ ቀጣዩን ትክክለኛ ጥገናም ድርብ ሥራ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሳጥኑን ከነግድግዳው ቆርጦ መተካት ነው፤ በትዕግሥት ከተሠራ በቤት የሚቻል ነው። ሦስተኛው ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ በመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ማተሚያዎች ሲያመርተው የኖረውን ሙሉ አዲስ አካል መግዛት ነው። ወለሉ፣ የጎን ሳጥኖቹና የኋላው ባሌስትራ መያዣዎች ሁሉም አብረው ከሄዱ፣ የብየዳው ሰዓት ሲቆጠር ሦስተኛው ከሁለተኛው ያነሰ ድካም የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለሁለተኛው መንገድ ወሳኙ ነገር ከመቁረጥ በፊት ያለው ሥራ ነው። በሩ ሳይወልቅ በዙሪያው ያለውን ክፍተት በአራት ቦታ ለክተው ይጻፉ። ከዚያ በሩን አውልቀው የፊቱን የማጠፊያ ምሰሶ ከኋላው ምሰሶ ጋር በብረት ቱቦ ያስሩ። ካቫሌቶው (የብረት መደገፊያው) ከፊት እገዳው ተሸካሚ ብረትና ከኋላ ባሌስትራው መያዣ ሥር ይግባ፣ መሃሏ ላይ አይደገፍ። አንዱ ጎን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተገጥሞ ክፍተቱ ከተጻፈው ጋር ሲመሳሰል ብቻ ወደ ሌላው ጎን ይኬዳል። ሁለቱን ጎኖች በአንድ ቀን የቆረጠ ሰው መኪናዋን ሙዝ አድርጎ ይበይዳታል፣ ከዚያ ወዲያ በሩን የሚያስተካክል ስቱኮ የለም።

ላሜራው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ 0.6 የሚግ ሽቦ ይበቃል። ፋብሪካው በነጥብ የበየደውን ቦታ እርስዎ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስተው ቀዳዳውን በብየዳ ይሞሉታል። ረጅም መስመር በአንድ ትንፋሽ መበየድ ላሜራውን ያጣምመዋልና 2 ሴንቲሜትር በይደው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይዝለሉ። የቤንዚን ታንኩ ይውለቅ፣ ባትሪውም ይፈታ። የድሮው የድምፅ መከላከያ ሬንጅ ቀስ ብሎ ይጤስና ሰው ከሄደ በኋላ ይነዳል፤ ብየዳ ካበቃ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ከቦታው አይጥፉ።

ሁለቱ ኤስ ዩ፣ አንድ ዌበር ወይስ ኢንጀክሽን?

ከሁሉም በላይ ክርክር የሚነሳው እዚህ ነው። በሁለት ኤስ ዩ ኤች ኤስ 4 ካርቡሬተሮች ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በ5400 ዙር 95 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሄዱት ግን አንድ ዜኒዝ ስትሮምበርግ ብቻ ስለተገጠመላቸው ጉልበታቸው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ለእነዚህ ካርቡሬተር መለወጥ ትርጉም አለው፣ የመጀመሪያው እጩም ሁለት ኤስ ዩ ነው።

ኤስ ዩ ያለው አንድ ጄት፣ አንድ ሾጣጣ መርፌና አንድ የሚወጣ የሚወርድ ፒስተን ነው። ሞተሩ አየር በሳበ መጠን ፒስተኑ ከፍ ይላል፣ መርፌውም ከጄቱ እየወጣ ለቤንዚኑ መንገድ ይለቃል። የሚበላሸው ጥቂት ነው፤ ከሚበላሸው ሁሉ ደግሞ ዋነኛው አየር መዝጊያዋን የሚያዞረው ዘንግ ነው። የ7.94 ሚሊሜትር ዘንጉ በአልሙኒየሙ ውስጥ ሲዞር ቀዳዳውን ያሰፋና ያልተፈቀደ አየር ያስገባል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) አንዴ 700፣ አንዴ 1300 ይላል፣ ጠዋት የተስተካከለው ማታ ይዛባል፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ጭስ ማውጫው ይተኩሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት፤ በእጅ የሚታወቅ ልቅነት ካለ የትኛውም ማስተካከያ አይጸናም። "ኤስ ዩ ሁልጊዜ ማስተካከል ይፈልጋል" የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ዘንግ ነው።

ዘንጉን ብቻ አዲስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ለግማሽ መንገድ ያህል ይረዳል። ሙሉው መፍትሔ ቀዳዳውን አስፍቶ ቦኮላ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት አጭር ቱቦ፣ መክተት ነው፤ ሁለቱ ጎኖች በአንድ መስመር ላይ መሆን ስላለባቸው ይህን አንድ ሥራ ለማሽን ቤት መስጠት ይሻላል። ቀሪው በቤት ይሠራል። ፒስተኑና ክዳኑ በፋብሪካ ተመጥነው የተጣመሩ ናቸውና የአንዱን ካርቡሬተር ከሌላው አያቀላቅሉ፣ በአሸዋ ወረቀትም አይንኳቸው። ተንሳፋፊው ክዳኑ ተገልብጦ ሲለካ ከ3.2 እስከ 4.8 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑረው። ጄቱ ከድልድዩ (ፒስተኑ ከሚያርፍበት ወለል) ጋር እኩል እስኪሆን ወደ ላይ ይጥበቅና ዳዶው ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 12 ጠርዝ፣ ወደ ታች ይለቀቅ፤ ይህ ሞተሩን ለማስነሳት የሚበቃ መነሻ ነው። ቋሚ መርፌ ያለው ኤች ኤስ 4 ላይ ጄቱ መሃል መግባት አለበት፤ ፒስተኑ ተነሥቶ ሲለቀቅ "ጠቅ" ብሎ ድልድዩ ላይ ካላረፈ መርፌው ጄቱን እየነካ ነው። በስፕሪንግ የምትደገፈው የኋለኛዋ መርፌ ይህን ሥራ አትፈልግም።

ለማመሳሰል በሁለቱ ካርቡሬተሮች መካከል ያለውን ማያያዣ ይፍቱ፣ የአየሩን መሳብ በመለኪያ ወይም በጆሮ በተያዘ ጎማ ቱቦ እኩል ያድርጉ፣ ከዚያ ፒስተኑን በጎን ባለችው ፒን 0.8 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ዙሩ ጥቂት ጨምሮ ወዲያው ከተመለሰ ልኩ ነው፤ ጨምሮ ከቆየ ቤንዚን በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ከቃጣ አንሷል። በክዳኑ አናት የሚጨመረው ዘይት 20 ውፍረት ያለው ወይም የሞተሩ 20ደብሊው50 ይሁን። ዘይቱ ከሌለ ወይም ከቀጠነ ቤንዚን መስጫው ድንገት ሲረገጥ ፒስተኑ ቶሎ ይዘላል፣ ድብልቁ ለአፍታ ይቀጥናል፣ መኪናዋም ትንቀራፈፋለች። ብዙ ዌበር የተገዛው ሁለት ማንኪያ ዘይት ስለጠፋ ነው ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው።

አንዱ ዌበር 32/36 ዲ ጂ ቪ ሁለት አፍ አለው፤ ትንሹ በመደበኛ ጉዞ፣ ትልቁ ጠንከር ብሎ ሲረገጥ ይከፈታል። ማመሳሰል የለበትም፣ ዕቃውም በቀላሉ ይገኛል። ስትሮምበርጉ ከሞተ በኋላ ሁለት ኤስ ዩ ከነማኒፎልዱ ማግኘት ላልቻለ ሰው መጥፎ አይደለም። ጤነኛ ሁለት ኤስ ዩ ያለው ሰው ግን በእሱ ቢለውጥ በከፍተኛ ዙር ያጣል እንጂ አያተርፍም። ዌበር 45 ዲ ሲ ኦ ኢ ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ካምሻፍትና የተሠራ ቴስታታ ላለው ሞተር ይስማማል፤ ለመደበኛው ሞተር ግን ትልቅ አፍ ማለት ዝቅተኛ የአየር ፍጥነት ማለት ነው፣ በዝቅተኛ ዙር ይደነግዛል። በዚህ ላይ የቢ ሲሪስ (የዚህች መኪና ሞተር ዓይነት) ቴስታታ የመግቢያ በሩ ሁለት ብቻ ነው፤ 1ኛና 2ኛ ሲሊንደር አንዱን፣ 3ኛና 4ኛ ሌላውን ይጋራሉ። ከአንዱ በር የሚቀዱ ሁለት ጎረቤቶች ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይሻማል፤ ለየሲሊንደሩ አንድ አፍ የሚለው የዲ ሲ ኦ ኢ ትልቁ ጥቅም እዚህ አይገኝም።

ያው የተጋራ በር ኢንጀክሽንንም ያስቸግራል፤ የመርጨቱ ሰዓት ትንሽ ከተዛባ አንዱ ሲሊንደር ይጠግባል፣ ጎረቤቱ ይራባል። ከዚህም ሌላ 3 ባር የሚሰጥ ፖምፓ፣ ወደ ታንክ የሚመለስ መስመር፣ በመታጠፊያ ላይ ፖምፓው አየር እንዳይስብ የሚከላከል ትንሽ ማጠራቀሚያ፣ የኮሎ ዙር አንባቢ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰርና የማያወላውል የኤሌክትሪክ ምንጭ ያስፈልጋሉ። ሥራውን ለራሱ ለሥራው ለሚወድ ሰው ደስ የሚል ክረምት ነው። ለመንዳት ለሚፈልግ ሰው ፍርዳችን ቦኮላ የገባላቸው ሁለት ኤስ ዩ ነው። የትኛውም ቢመረጥ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ ኤታኖልን በሚቋቋም ዓይነት ይለወጡ፤ አሮጌው ቱቦ ከውስጥ ይቀረፍና ፍርፋሪው የተንሳፋፊውን ቫልቭ ይከፍተዋል፣ ቤንዚኑም በጭስ ማውጫው ጎን ይፈስሳል።

ኢግኒሽን፦ ኮንታክት ፖይንት፣ ሞጁል ወይስ ሙሉ ዲስትሪቢዩተር?

ፖይንቱ፣ ማለትም የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትንሽ ማብሪያ፣ በ0.35 እና 0.40 ሚሊሜትር መካከል ሲስተካከልና ኮንደንሰሩ ጤነኛ ሲሆን ሞተሩን ያለ ችግር ያስነሳል። ችግሩ የዘመኑ መለዋወጫ ጥራት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ መተኮስና መቆራረጥ ከጀመረ፣ የፖይንቱም ፊት ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ፣ አዲስ የተገጠመው ኮንደንሰር ራሱ መጠርጠር አለበት። የሮተር ክንፉም እንዲሁ፤ መሃሉ ላይ ሪቬት ያለው ርካሽ ዓይነት እሳቱን በሪቬቱ በኩል ወደ ዘንጉ ያሳልፋል።

በክዳኑ ሥር የሚገባው የኤሌክትሮኒክ ሞጁል ፖይንቱንና ኮንደንሰሩን ያስቀራል። ገጠማው ግማሽ ሰዓት ነው። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ፦ የመኪናዋ ማሳ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ፣ የቦቢናውስ ሬዚስታንስ ስንት ነው? የቀድሞዎቹ 3 ኦም ቦቢና አላቸው፤ የኋለኞቹ ደግሞ በሬዚስታንስ ሽቦ በኩል የሚመገብ 1.5 ኦም ቦቢና አላቸው። የ1.5 ኦሙ ያለ ሬዚስታንስ ሽቦ በቀጥታ ከተገናኘ በ13.8 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል፤ የ3 ኦሙ ግን 4.6 ብቻ ነው። ሞጁሎች በብዛት የሚሞቱት በዚህ ስህተት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ክፍት መተውም አንዳንዶቹን ያቃጥላል፤ የወለቀውን ፖይንትና ኮንደንሰር ለመጠባበቂያ በመኪናዋ ውስጥ ማስቀመጥ አይጎዳም።

ሞጁሉ የማያድነውን ማወቅ ግን ይበልጣል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቦኮላው ካለቀ፣ የማስቀደሚያ ክብደቶቹ ከደረቁ፣ ስፕሪንጋቸው ከላላ ወይም የቫኪዩም ሳህኑ ከተቀደደ የእሳቱ ሰዓት ያው የተሳሳተ ነው፤ ልዩነቱ በትክክል የሚደገም ስህተት መሆኑ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። የቫኪዩም ቱቦውን በአፍ ሲስቡት ውስጡ ያለው ሳህን መንቀሳቀስና ምላስ ሲዘጋበት ባለበት መቆየት አለበት። ሮተሩን በእጅ አዙረው ሲለቁት በስፕሪንጉ መመለስ አለበት። በታይሚንግ መብራት፣ ቫኪዩሙ ተነቅሎና ተደፍኖ፣ ዙሩ ቀስ በቀስ ሲጨምር ምልክቱ ሳይዘል መቅደም አለበት፤ መጨረሻው ከ30 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። እነዚህን ካለፈ ሞጁል ይግጠሙ። ከወደቀ የተለያየ የማስቀደሚያ ከርቭ የሚመረጥበት ሙሉ የኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር መግዛት አሮጌውን ከማደስ ይቀላል፤ ለውጡ አዋጭ ከሚሆንባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የቫልቭ መቀመጫና እርሳስ የሌለው ቤንዚን

ሞተሩ የተሠራው እርሳስ ለነበረው ቤንዚን ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሲነዳ የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የሚያስጠነቅቀው ክፍተቱ ነው፤ በየጊዜው ሲለካ 0.38 የነበረው እየጠበበ ከሄደ መስመጡ ጀምሯል። ቴስታታው በሌላ ምክንያት እስኪወርድ ድረስ በቤንዚኑ ላይ የሚጨመር መከላከያ ይበቃል። የወረደ ቀን ግን በጭስ ማውጫው በኩል ጠንካራ መቀመጫ ይግባበት። ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ ጤነኛ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። ሲመለስ ዳዶዎቹ ከመሃል ወደ ዳር በየተራ ከ61 እስከ 68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከተጠበቀ በኋላ የቫልቩ ክፍተት እንደገና ይለካል፣ ጓርኒሲዮኑ ሲተኛ ይለወጣልና።

ፍሬን፦ ትልቅ ካሊፐር ከመግዛት በፊት

መኪናዋ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላት። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው። አንድ ጥያቄ ብዙ ክርክር ይዘጋል፦ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ የፊት ጎማው ይቆልፋል? ከቆለፈ የመቆሚያውን ርቀት የሚወስነው ጎማው እንጂ ካሊፐሩ አይደለም፤ ትልቅ ካሊፐር የሚጨምረው ሙቀት መቻልን ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ወይም የውድድር ሜዳ ላይ ነው የሚፈለገው። የካሊፐሩ ፒስተን ሲተልቅና ማስተር ሲሊንደሩ ያው ሲሆን የፔዳሉ ጉዞ ይረዝማል፤ የፊቱ ብቻ ሲጠነክር የፊትና የኋላ ሚዛኑ ይዛባል፤ የ14 ኢንች ቸርኬም ላይገባበት ይችላል። ከኋላ ዲስክ መግጠምማ ለመልክ ካልሆነ በስተቀር ለዚህች መኪና አስፈላጊነቱ አይታየንም።

በአንጻሩ የሚከተሉት ሁልጊዜ ያዋጣሉ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ የጎማ ቱቦዎች ከውስጥ ያብጣሉ፤ እግር ሲነሳ ዘይቱ ስለማይመለስ ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ሰውም ካሊፐሩን ይወቅሳል። የብረት ቱቦዎቹ በኩኒፈር፣ ማለትም በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ይለወጡ፤ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። ንጹሕ መዳብ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ በንዝረት ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። የድሮዋ መኪና ማስተር ሲሊንደር ባለ አንድ መስመር ከሆነ ደግሞ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ፍሬኑ በሙሉ ይሄዳል። ባለ ሁለት መስመር ማድረግ ከየትኛውም ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር በፊት ይመጣል። የኋላውን ታምቡር ማስተካከል ግን ነፃ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑን ማስተካከያ ጎማው እስኪቆልፍ ያጥብቁና በነፃ እስኪዞር ጥቂት ይመልሱት። ፔዳሉ ወደ ታች የሚሄድባት መኪና ብዙ ጊዜ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።

በፍሬን ዘይት ምርጫው በዶት 4 እና በሲሊኮኑ ዶት 5 መካከል ነው። ዶት 4 ሲከፈት ቢያንስ በ230 ዲግሪ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቢያንስ በ155 ዲግሪ ይፈላል፤ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፣ የነካውንም ቀለም ያወልቃል። ዶት 5 ቀለም አይነካም፣ ውሃም አይጠጣም። አይጠጣም ማለት ግን ውሃው አይገባም ማለት አይደለም፤ የገባው ጠብታ ሳይቀላቀል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ እዚያው ያዝጋል። አየርም በቀላሉ ስለሚይዝ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ብዙ ወር ቆማ ለምትውል መኪናና ጎሚኒዎቹ ሁሉ አዲስ ለሆኑባት ሥራ ዶት 5 ይሆናል፤ ለምትነዳ መኪና ዶት 4። ሁለቱ በፍጹም አይቀላቀሉም። ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ከዶት 4 ወገን ነው፣ ሲሊኮን አይደለም።

ቦኮላና አሞርዛተር

የፊተኛው የታች ክንድ የፋብሪካ ቦኮላ ከሁለት የጎማ ቁራጭ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ተጨፍልቆ ይወጣል። እዚህ ሦስተኛ አማራጭ መኖሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ በቪ8 ኤም ጂ ቢ ጂቲ ላይ የተገጠመው፣ ጎማው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ አንድ ወጥ ቦኮላ። ጠንካራ ነው፣ አይጮህም፣ ለመንገድ ከሁሉም የተሻለ ነው። ፖሊዩሪቴን መሪው ላይ ይበልጥ ጥርት ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ሲደርቅ ግን ይጮሃል፣ ጉድጓዱንም ሁሉ ወደ አካሉ ያሳልፋል። የተጣበቀ ጎማ የገጠመ ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ብሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው። በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከጠበቀ የቦኮላው ጎማ መሬት ስትወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል።

የፊቱ የክንድ አሞርዛተር የላይኛው የጎማ መያዣ ክንድም ጭምር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲልል የጎማው አቋም አብሮ ይዛባል፣ ቱቦ አሞርዛተር በጎኑ መጨመርም ይህን አያድነውም። ዘይት ከጎደለ ይሞላ፤ ዘንጉ ከላላ የታደሰ ይገጠም። የፊት ጎማዎቹ በመሪ ሲታዘዙ የሚዞሩባቸው ምሰሶዎች ግራሶ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ፣ የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው ይሰጣቸው፤ ክብደት እያለ ግራሶው የሚፈለገው ቦታ አይደርስም።

ኤሌክትሪክና ሙቀት

የሉካስ ሲ40 ዲናሞ የሚሰጠው 22 አምፔር ነው፣ ሚኒሞ ላይ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። የፊት መብራት 9 ያህል፣ ኢግኒሽን 4፣ መጥረጊያ 3 ሲወስዱ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ (የራዲያተር ቬንቲሌተር) ለመጨመር ቦታ የለም። ማታ የማትነዳና ምንም ያልተጨመረባት መኪና ዲናሞዋን ትያዝ፤ ሌላው ሁሉ ወደ አልተርኔተር ይሂድ። ፖዘቲቭ ማሳ ወደ ኔጌቲቭ ሲቀየር የቦቢናው ሁለት ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የዙር መቁጠሪያውም ከውስጡ ማሻሻያ ይፈልጋል። መብራቱ ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ ከባትሪው ጫፍና ከአምፖሉ ጫፍ ያለውን ቮልት በቴስተር ያወዳድሩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ የሚያስፈልገው ሪሌይና ንጹሕ ማሳ ነው እንጂ ትልቅ አምፖል አይደለም።

ሙቀት ላይም መቼ እንደሚጨምር ማየት ምርጫውን ይወስናል። በዝግታ ስትሄድ ብቻ የምትሞቅ አየር አጥታለችና የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ይረዳታል። በፍጥነት ስትሄድ የምትሞቅ ራዲያተሯ ተዘግቷል፣ የእሳቱ ሰዓት ዘግይቷል ወይም ድብልቁ ቀጥኗል፤ ለእሷ ማቀዝቀዣ መጨመር ምንም አይፈይድም።

ኦቨርድራይቭ ወይስ ባለ አምስት ካምቢዮ?

በ4ኛ ማርሽ መኪናዋ በደቂቃ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በሰዓት 100 ላይ 3500 ዙር ነው፣ ጆሮም ይሰለቻል። የላይኮክ ኦቨርድራይቭ (ከካምቢዮው ጋር የሚሠራ፣ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ይህን ወደ 2800 ያወርደዋል። የሚገርመው የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ነው፦ የላይኮኩ ኤል ኤች ኦቨርድራይቭ ሬሾ 0.82፣ የፎርድ ታይፕ 9 አምስተኛ ማርሽ 0.82፣ የማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ባለ አምስቱ 0.81። በሀይዌይ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው በዙር አይደለም። የፎርዱ መደበኛ 1ኛ ማርሽ አጭር ነው፣ ገና ከመነሳት ይለወጣል። የማዝዳው አቀያየሩ ደስ ይላል፤ ግን ማገናኛ ቤት፣ አዲስ መያዣ፣ የተስተካከለ ካርዳንና የፍጥነት መቁጠሪያ ማስታረቂያ ይፈልጋል። ኦቨርድራይቭ ያላት መኪና ባለቤት አልሠራ ቢለው ከመፈታቱ በፊት የዘይቱን መጠን፣ የሶሌኖይዱን ማሳ፣ በካምቢዮው ላይ ያለችውን ማገጃ ስዊችና ማጣሪያውን በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈትሽ። በካምቢዮው ውስጥ የሚገባው የሞተሩ 20ደብሊው50 ዘይት ነው፤ ለዲፈረንሻል የተሠራ ጂኤል5 የነሐስ ቀለበቶቹን ሊጎዳ ይችላል።

የትኛውም ቢመረጥ ሞተሩና ካምቢዮው አብረው መውጣት ስላለባቸው ውሳኔው ከፍሪሲዮን ለውጥ ጋር ይግጠም። ሞተሩ በወጣበት ሰዓት የኋላው የዘይት ማገጃ፣ የፍሪሲዮኑ የካርቦን መግፊያ ኩሽኔታ፣ የሞተሩ መያዣ ጎማዎችና በብሎኩ ጎን ያሉት የውሃ መዝጊያ ሳህኖች ይለወጡ፤ ሞተሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ የኋለኞቹን ሳህኖች መድረስ እጅን ያስለቅሳል። ከመመለሱ በፊትም የውሃ መውጫ ቧንቧው ተፈትቶ ብሎኩ በሽቦ እየተቆሰቆሰ ይታጠብ፤ በ4ኛው ሲሊንደር ዙሪያ የሚከማቸው ቡናማ ዝቃጭ ራዲያተር በመለወጥ አይወጣም።